ትከሻችሁን ሲያማችሁ፦ የትኛው ጅማት እንደተጎዳ መለያና ደረጃ በደረጃ ማገገሚያ

ነሐሴ ላይ ቀለም ቀቢ፣ ከጥቅምት በኋላ ለሳኝና አናጢ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ እንጀራ ጋጋሪ። ወደምሠራበት ክፍል የሚመጣው የታመመ ትከሻ በወር በወር ሲከፈል እንዲህ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራውም የምኖረውም ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳይርቅ ነው። በዚህ በኩል ግንባታ የማይሰማበት ቀን የለም። ከኮዬ ፈጬ እስከ ገላን ያለው ሰው ወይ ይገነባል፣ ወይ ይለስናል፣ ወይ ውሃ በጄሪካን ወደ ፎቅ ያወጣል።

ሲገቡ የሚሉኝ ሦስት ነገር ነው፦ «ብርድ መቶኝ ነው»፣ «ሥር ዞሮብኝ ነው»፣ «ነርቭ ነው አሉኝ»። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱም አይሆንም። ጥፋተኛው ከአውራ ጣት ብዙም የማይሰፋ አንድ ጅማት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ልናገር። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አንዳንዴ የደም ሥሩንም ነርቩንም «ጅማት» እንላለን። ከዚህ በታች ጅማት ስል ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውን ብቻ ማለቴ ነው። ሥጋ ስትከትፉ ቢላ እምቢ የሚለው፣ ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው።

መጀመሪያ፦ ጽሑፉን ትታችሁ ወደ ሕክምና የምትሄዱበት

ሕመሙ በግራ ትከሻና ክንድ ላይ ሆኖ ደረት ከተጫናችሁ፣ ካላባችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ የልብ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። ከወደቃችሁ በኋላ የትከሻው ቅርጽ ከተለወጠ፣ ክብ የነበረው አናት ድንገት ማዕዘን ካወጣ፣ ወልቋል ወይም ተሰብሯል። ትከሻው ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ካለው መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል፤ ለነገ አይባልም። ሌሊት ሌሊት የሚያሠቃይ፣ በየትኛውም አቀማመጥ የማይለቅ ሕመም ከክብደት መቀነስ፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከቆየ ሳል ጋር ከመጣ ደግሞ ቲቢንም ዕጢንም መፈተሽ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሌላ አንድ አለ፤ ሰው የሚያዘገየው እሱን ነው። ከወደቃችሁ ወይም ከባድ ነገር ከቀለባችሁ በኋላ በዚያው ቀን ክንዳችሁን ማንሳት ካቃታችሁ፣ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። «ይሻለኛል» እያላችሁ ወራት አትቁጠሩ። የተበጠሰ ጅማት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጡንቻውም ቀስ በቀስ በስብ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ መስፋት ይከብዳል።

ሁለተኛ፦ ትከሻ ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ

ቅርጫ ላይ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ወርቹ ከጎድኑ ሲለይ መጥረቢያ አይነሳም፤ በቢላ ብቻ እየተገፈፈ ከነሰፊው አጥንቱ ይወጣል። የበሬ የፊት እግር ከደረቱ ጋር በአጥንት ስለማይገናኝ ነው፤ የያዘው ጡንቻ ብቻ ነው። የእኛም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ክንዳችን ከተቀረው አጥንታችን ጋር የሚያያዘው ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ጫፍ አግድም በሚሄደው ቀጭን አጥንት በኩል ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ የተሸከመው ሥጋና ጅማት ነው።

ያን የወርች ሰፊ አጥንት ለውሻ ከመጣሉ በፊት አገላብጣችሁ እዩት። አንዱ ፊቱ ለጥ ያለ ነው፤ በሌላው ፊቱ ላይ እንደ ተራራ ጀርባ ከፍ ብሎ የሚሄድ ጠርዝ አለ። የሰውም እንዲሁ ነው፤ ስካፑላ ይባላል። የጠርዙ ጫፍ ወደ ፊት ተዘርግቶ ከትከሻ አናት ላይ እንደ ጣሪያ ይሆናል፤ እሱ አክሮሚዮን ነው። በጣታችሁ ትከሻችሁ አናት ላይ ጠንካራ ሆኖ የምታገኙት እሱን ነው።

አራት ጡንቻዎች ከስካፑላ ተነስተው፣ ጅማቶቻቸውን ወደ ክንድ አጥንት ራስ ልከው እንደ ቆብ ይሸፍኑታል። አራቱ አንድ ላይ ሮቴተር ከፍ ይባላሉ።

ሱፕራስፓይናተስ ከጠርዙ በላይ ተቀምጦ፣ ጅማቱን ከጣሪያው ሥር አሾልኮ ከክንዱ ራስ አናት ላይ ያስራል። ክንድ ወደ ጎን ሲነሳ ከሚሠሩት አንዱ እሱ ነው። ከአራቱ አብዝቶ የሚጎዳውም እሱ ነው። ኢንፍራስፓይናተስ ከጠርዙ በታች ያለውን ሜዳ ይዟል፤ ከእሱ ሥር ትንሹ ቴሬስ ማይነር አለ። ሁለቱ ክንድን ወደ ውጭ ያዞራሉ። አራተኛው ሰብስካፑላሪስ ለጥ ባለው ፊት በኩል፣ በስካፑላና በጎድን መካከል ተደብቋል። ከአራቱ ትልቁ ነው፤ ክንድን ወደ ውስጥ ያዞራል።

እነዚህ አራቱ ክንድ ከማንቀሳቀስ የበለጠ ሥራ አላቸው። የክንዱ ራስ ትልቅ ኳስ ነው፣ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ደግሞ ጠባብና ጠፍጣፋ ነው፤ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ብርቱካን አስቀምጡና ታዩታላችሁ። ኳሱ ከመሐል እንዳይሸሽ የሚይዙት አራቱ ጅማቶች ናቸው። የእድር ድንኳን ሲተከል አይታችሁ ከሆነ፣ መሐል ምሰሶው የሚቆመው በየአቅጣጫው ገመድ ወጥረው በያዙት ሰዎች ነው። አንዱ ገመዱን ካላላ ምሰሶው ወደ ማዶ ያዘነብላል፤ የቀሩት ሰዎችም ከአቅማቸው በላይ ይወጥራሉ። ትከሻ ላይም ከውጭ ያለው ትልቁ ጡንቻ ዴልቶይድ ክንድን ሲያነሳ የክንዱን ራስ ወደ ላይ ይስበዋል። አራቱ ወደ መሐል ካልያዙት ራሱ ወደ ጣሪያው ይቀርባል፤ በመካከል ያለው ጅማትና ቡርሳ የምንላት ቅባት ያለባት ከረጢት ይጨመቃሉ። በጤነኛ ሰው በዚያ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ባይሴፕስን አንርሳ። ከሁለት ራሶቹ የረጅሙ ጅማት በትከሻው ፊት ለፊት በኩል ሽቅብ ወደ መገጣጠሚያው ይገባል፤ ፊት ለፊት በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም ካለ አንዳንዴ የእሱ ነው።

ከኋላ ደግሞ ስካፑላን ራሱን የሚያንቀሳቅሱ አሉ፤ ትራፒዚየስና ሴራተስ አንቴሪየር ዋናዎቹ ናቸው። ክንድ ወደ ላይ እስከ 180 ዲግሪ ሲነሳ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከትከሻው መገጣጠሚያ፣ አንድ ሦስተኛው ከስካፑላ መዞር ይመጣል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሚውል ሰው ስካፑላው በደንብ ካልዞረ የጎደለውን ጅማቱ ይከፍላል። አንገት ላይ ብቻ የሚታሸው ሰው ለምን እንደማይሻለው ከዚህ ይገባችኋል።

ጉዳቱም አንድ ዓይነት አይደለም። በጣም የተለመደው ጅማቱ ሳይበጠስ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ሲደክምና ውስጡ ሲላላ ነው። ከዚያ በከፊል መቀደድ፣ ከዚያ ሙሉ መበጠስ አለ። አልፎ አልፎ ካልሲየም ጅማቱ ውስጥ ይከማችና በአንድ ሌሊት የሚያስለቅስ ሕመም ያመጣል። የስኳር ሕመምና ሲጋራ ጅማት ቶሎ እንዳይድን ያደርጋሉ። ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ እየተገዛ የሚዋጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ደግሞ ጅማትን ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈና ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎች ላይ።

ሦስተኛ፦ ቤታችሁ ውስጥ ፈትሹት

መስታወት ፊት ቁሙ፤ አንድ ሰው ይርዳችሁ። ሁልጊዜ ጤነኛውን ክንድ አስቀድሙ፤ ካላነጻጸራችሁ ምንም አታውቁም። ከእነዚህ ፍተሻዎች አንዱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሦስት አራቱ ወደ አንድ ቦታ ሲጠቁሙ ግን ግምታችሁ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ክንዳችሁን ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ አንሱ። መጀመሪያ ላይ ሳያም፣ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መሐል ላይ ወግቶ፣ ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ ከቀለለ፣ ጣሪያው ሥር የሚጨመቀው ሱፕራስፓይናተስ ወይም ቡርሳው ነው። የሚያማችሁ ክንዱ ጆሮ አጠገብ ሲደርስ ብቻ ከሆነ ግን ከትከሻ አናት ያለችውን ትንሽ መገጣጠሚያ ጠርጥሩ።

ክንዳችሁን በትከሻ ቁመት፣ ከጎን ትንሽ ወደ ፊት አምጥታችሁ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙ። ረዳታችሁ ክንዱን በቀስታ ወደ ታች ይጫን። ከሌላው ክንድ ይልቅ ቶሎ ከተሸነፈ ሱፕራስፓይናተስ ነው። ከዚያ ረዳታችሁ ክንዳችሁን እስከ ላይ ያንሳላችሁና ይልቀቅ፤ እናንተ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። መንገድ ላይ እንደተቆረጠ ገመድ ዘጭ ካለ ትልቅ መቀደድ ሳይኖር አይቀርም፤ ወደ ሐኪም።

ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፋችሁ ወደ 90 ዲግሪ እጠፉት። ረዳታችሁ ከውጭ በኩል የእጃችሁን ጀርባ ይያዝ፤ እናንተ ወደ ውጭ ግፉ። ድካም ወይም ሕመም ካለ ኢንፍራስፓይናተስና ቴሬስ ማይነር ናቸው።

ለሰብስካፑላሪስ መዳፋችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉና ክርናችሁን ወደ ፊት እንደያዛችሁ ሆዳችሁን ግፉ። ክርኑ ወደ ኋላ ከሸሸ ወይም አንጓው ከታጠፈ ደክሟል። ሌላው መንገድ እጅን ወገብ ላይ ከኋላ አድርጎ ከጀርባ ማራቅ ነው። ይህን ፍተሻ ሴቶች ሳያውቁት በየቀኑ ያደርጉታል፤ ጡት ማስያዣ ከኋላ ማያያዝ ያቃታት፣ መቀነት ማሰር ወይም ነጠላ ወደ ኋላ መጣል ያቃታት ሰው መጀመሪያ የምትነግረኝ ያን ነው። ወንዶች ቀበቶ በኋላ በኩል ማስገባት ሲያቅታቸው ይነቃሉ፤ እስከዚያ ግን ዝም ይላሉ።

ክርን ሲታጠፍ የክንዳችሁ ሥጋ ወደ ታች ተሰብስቦ እንደ ኳስ ካበጠ የባይሴፕሱ ረጅም ጅማት ተበጥሷል ማለት ነው። የሚያስደነግጥ መልክ አለው፤ በአብዛኛው ግን ያለ ቀዶ ሕክምናም ይኖሩበታል።

አሁን ጅማት ያልሆኑትን ለዩ። ረዳታችሁ ክንዳችሁን ሲያነሳው እሺ የሚል፣ እናንተ ስታነሱት ግን እምቢ የሚል ከሆነ ጉዳዩ በአብዛኛው የጅማት ነው። ረዳታችሁም ሲያነሳው፣ ወደ ውጭም ሲያዞረው እንደ ዛገ ማጠፊያ ከቆመ፣ መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ተኮማትሯል፤ የደረቀ ትከሻ እንለዋለን። የስኳር ሕመምተኞች ላይ ይበዛል፤ የስኳር ምርመራ ያላደረጋችሁ ካላችሁ አሠሩ። ሕመሙ ከክርን አልፎ ጣት እስኪደነዝዝ የሚወርድ፣ እጃችሁን አናታችሁ ላይ ስታስቀምጡ የሚቀልላችሁ ከሆነ ደግሞ መነሻው አንገት ነው። ያኔ «ነርቭ ነው» ያላችሁ ጎረቤት ልክ ነበር።

አራተኛ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

እዚህ ላይ የራሴን ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣ ያውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመጣ ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ሊወድቅብኝ ሲል ቀለብኩት፤ ትከሻዬ ውስጥ እንደ ክብሪት የሆነ ነገር ጫረ። ለሰው ስመክር የምውለው ሰውዬ በነጠላ አንገቴ ላይ አስሬ ሦስት ሳምንት አቀፍኩት። ባለቤቴ «ለታካሚ የምትናገረውን ለራስህ አትናገርም?» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። የጅማቱ ሕመም ቀለለ፤ ትከሻው ግን ደርቆ ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ። የደረቀውን ለማላላት አራት ወር ፈጀብኝ።

ስለዚህ ስብራት ወይም ቀዶ ሕክምና ከሌለ ክንዱን አስራችሁ አትያዙት። የሚያባብሰውን ብቻ ተዉ፦ ከትከሻ በላይ መሥራት፣ ክንድን ዘርግቶ ማንሳት፣ በታመመው ጎን መተኛት። የቀረውን ሥራ ክርናችሁን ከጎናችሁ ሳታርቁ ሥሩ። ስትተኙ በጤነኛው ጎን ሁኑና የታመመውን ክንድ ከደረታችሁ ፊት በታጠፈ ጋቢ ላይ አሳርፉት። ሌሊት የሚያማቸው ብዙዎች በዚህ ብቻ እንቅልፍ ያገኛሉ።

ገና ከተጎዳ ሁለት ሦስት ቀን በረዶ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙበት። ከዚያ በኋላ ሙቀት የሚስማማው ሙቅ ውሃ ይጠቀም፤ ሁለቱም ሕመም ያስታግሳሉ እንጂ ጅማት አይሰፉም። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምረው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆኑም። «አንድ የዲክሎ መርፌ ተወግቼ ወደ ሥራ ልመለስ» የሚል ለሳኝ ሁልጊዜ ይገጥመኛል። መርፌው ሕመሙን ያፍነዋል፤ ጅማቱ ግን ያንኑ ጭነት እየተሸከመ ይውላል።

ስለ ወጌሻ ትጠይቁኛላችሁ። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሄደው እነሱ ጋ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። በቅቤ ቀስ ብሎ መታሸት የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፤ ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከመጎተትና ከማሰር ጋር ነው። የተቀደደ ጅማት ተጎትቶ አይገጥምም፤ ያልታወቀ ስብራት ካለ መጎተቱ ያባብሰዋል። አጥብቆ የታሰረ ክንድ ደግሞ ደም ያጣል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አምስተኛ፦ እንቅስቃሴዎቹ

ጅማት ደም በብዛት የሚደርሰው አካል አይደለም፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚጠገነው፣ የሚጠገነውም የተለካ ሥራ ሲሰጠው ነው። ልኩን እንዲህ ያዙ፦ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ብትለኩት፣ ስትሠሩ 3 ወይም 4 ቢደርስ ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ ብሶ ካደረ ግን ክብደቱን ቀንሱ። ጨርሶ አታቁሙ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፦ በጤነኛው እጃችሁ ጠረጴዛ ተደግፋችሁ አጎንብሱ፤ የታመመው ክንድ እንደ ተንጠለጠለ ገመድ ይውረድ። ሰውነታችሁን በማወዛወዝ ክንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያም በክብ ይወዛወዝ። አንድ ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሦስቴ። ክንዱን እናንተ አታንቀሳቅሱት።

ሕመሙ ሲበርድ፦ በር መቃን አጠገብ ቁሙ። ፎጣ ጠቅልላችሁ በክርናችሁና በጎናችሁ መካከል ያዙ፣ ክርኑን እጠፉ። በእጃችሁ ጀርባ መቃኑን ወደ ውጭ ግፉ፤ ክንዱ አይንቀሳቀስም፣ ጉልበታችሁም ግማሹ ብቻ ይሁን። 30 ሰከንድ ይዛችሁ ልቀቁ፣ አምስት ጊዜ። ከዚያ ዞራችሁ በመዳፋችሁ ወደ ውስጥ ግፉ። ፎጣው ከወደቀ ክርናችሁ ሸሽቷል፤ ከዚያ በኋላ የምትሠሩት በዴልቶይዱ ነው። ይህን እንቅስቃሴ ለታካሚ ሳሳይ ዓይኔ ከፎጣው ላይ አይነሳም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገደማ ላስቲክ ያስፈልጋል። ከስፖርት ዕቃ ቤት መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን ጎሚስታ ጋ ሂዱ እላለሁ። የተጣለ የባጃጅ ወይም የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ አራት ጣት በሚያህል ስፋት አስቆርጣችሁ በሳሙና እጠቡት። አንዱን ጫፍ በክርናችሁ ቁመት በር እጀታ ላይ እሰሩ፤ በጤነኛው ጎናችሁ ወደ በሩ ዞራችሁ ቁሙ። ፎጣው እንደነበረ ሆኖ ላስቲኩን ወደ ውጭ ሳቡ፤ ሲመለስ በአራት ሰከንድ ቀስ ብሎ ይመለስ። ቀስ ብሎ መመለሱም ጅማቱን ስለሚያጠነክር አታጣድፉት። 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ቀን በቀን ሳይሆን በየሁለት ቀኑ።

በዚሁ ጊዜ ለስካፑላ ግድግዳ ግፉ። መዳፎቻችሁን በደረት ቁመት ግድግዳ ላይ አድርጋችሁ ክርን አጥፋችሁ ቅረቡ፣ ግፉና ተመለሱ፤ ክርን ከተዘረጋ በኋላ ጥቂት ጨምራችሁ ጀርባችሁ በትከሻ አጥንቶቹ መካከል እስኪሰፋ ግፉ። የመጨረሻዋ ትንሽ ግፊት ለሴራተስ አንቴሪየር ናት። ያለ እሷ እንቅስቃሴው ለደረት ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻ ክብደት። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሙሉበት፤ ግማሽ ኪሎ ነው። በጤነኛው ጎናችሁ ተኝታችሁ፣ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አድርጋችሁ ጠርሙሱን ከሆድ ወደ ጣሪያ አዙሩ። ቆማችሁም አውራ ጣት ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ከጎን ትንሽ ወደ ፊት፣ እስከ ትከሻ ቁመት ብቻ አንሱት። 12 ጊዜ ሦስት ዙር ሲቀልላችሁ ወደ አንድ ሊትር፣ ከዚያ ወደ ሁለት ሊትር እለፉ። ስታነሱ ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ከተሰቀለ ክብደቱ በዝቷል።

ለውጥ የሚታየው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ 12 ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራልኝም» አትበሉ። ሰው የሚያቋርጠው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው።

ስድስተኛ፦ ሥራችሁን አስተካክሉ

ቀለም ቀቢ የሮለሩን ዘንግ ያርዝም፣ መወጣጫውን አንድ እርከን ከፍ ያድርግ፤ ክርን ከትከሻ በታች ከሆነ ጅማቱ ይተነፍሳል። ጣሪያና ግድግዳ እያፈራረቀ ይሥራ እንጂ ጣሪያውን ሁሉ በአንድ ቀን አይጨርስ። ጋጋሪ የኤሌክትሪክ ምጣዱ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ትለካ፦ የምጣዱ ጠርዝ ከክርን በታች መሆን አለበት። ብዙ ቤት ምጣዱ ደረት ላይ ይደርሳል፣ ሊጡም ክንድ ተሰቅሎ ይዞራል፤ በቀን ስንት እንጀራ እንደሚጋገር አስቡት። አንዲት እናት ምጣዷን ዝቅ ማድረግ ስላልቻለች የእግር መቆሚያ ጣውላ አሠራን፤ ከእንቅስቃሴው ይልቅ የጠቀማት ጣውላው ይመስለኛል። የታክሲ ረዳት በሩን በክንዱ ብቻ ከኋላው አይጎትት፤ ሰውነቱን ወደ በሩ አዙሮ ይሳብ። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ትከሻ ላይ የሚጭን ሰው ለጊዜው ሁለት ሆኖ ይያዝ፤ አሠሪው ካልፈቀደ ምን እንደምል አላውቅም።

ሰባተኛ፦ ካልተሻላችሁ

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከዚያ ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል ብትሄዱ ሽፋኑን ልታጡት ትችላላችሁ። ሪፈር ሲጻፍላችሁ ፊዚዮቴራፒ ያለበት እንዲሆን ጠይቁ።

ራጅ አጥንትንና የተከማቸ ካልሲየምን ያሳያል፣ ጅማትን አያሳይም፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት ጅማቱ ደህና ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። አልትራሳውንድ ጅማትን ያሳያል፣ ከኤም አር አይም በዋጋ ይቀላል። ወረቀቱ ላይ «መቀደድ» የሚል ቃል ስታዩ ግን አትደንግጡ። ዕድሜ ሲገፋ ምንም የማያማቸው ሰዎች ትከሻም ውስጥ መቀደድ ይገኛል። ሐኪሙ የሚያክመው ሰውየውን ስለሆነ ምን ማድረግ እንዳቃታችሁ በደንብ ንገሩት።

የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ሕመም ያስታግሳል፤ ያንን ጊዜ እንቅስቃሴውን ለመሥራት ከተጠቀማችሁበት ዋጋ አለው። ደጋግሞ መወጋት ጅማቱን ያዳክማል፤ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ለቀናት ስኳሩ ስለሚጨምር አስቀድሞ ይናገር። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው በአደጋ ሙሉ በሙሉ ለተበጠሰ ጅማትና ወራት በትክክል ተሠርቶ ላልተሻለ ሰው ነው። ከተሠራ በኋላ ክንዱ ስድስት ሳምንት ገደማ ታቅፎ ይቆያል፤ ወደ ከባድ ሥራ መመለስ ወራት ስለሚወስድ ቤታችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ውሃው በመጣ ሌሊት ደግሞ፣ ሁለት ሊትሩን 12 ጊዜ ሦስት ዙር ያለ ችግር ማንሳት ከቻላችሁ፣ ጄሪካኑን ግማሽ ሙሉትና በጤነኛው እጃችሁ ጀምሩ፤ በየፎቁም እጅ ቀይሩ።